«ማን አረደው?»

ዓሣ ይዘን ቤት ስንገባ ከእናቶቻችን የሚቀድመው ጥያቄ «ማን አረደው?» የሚል ነው። ለበግና ለበሬ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዓሣ ግን እርድ አያሻውም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ 96ኛው አንቀጽ የባሕርን አደን ፈቅዶልናል፤ የሐይቁም ከዚሁ ይቆጠራል። ስለዚህ አጥማጁ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን ከእጁ መግዛት ይቻላል።

እኛን የሚያሳስበን ዓሣው ከውኃ የወጣው መቼ ነው የሚለው ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል በማለዳ የወረደ ሰው መልሱን በዓይኑ ያያል። ጀልባዎቹ ይደርሳሉ፣ አባት መረቡን ያራግፋል፣ ልጆች ይበልታሉ፣ አሞራዎቹም ዙሪያውን ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ትኩስ ቆሮሶ ዓይኑ ጥርት ብሎ ጎላ ያለ፣ ስንጥቡም ደማቅ ቀይ ነው፤ ሥጋውን በጣት ቢጫኑት ተመልሶ ይሞላል። በፌስታል ታስሮ የሚሸጥ ፊሌቶ ግን ዓይንም ስንጥብም የለውምና ምን ይመሰክራል? ሙሉውን መርጦ እዚያው ፊት ለፊት ማስበለት ይሻላል። የሚተርፈው ሥጋ የክብደቱ ሲሶ ያህል ስለሆነ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለሾርባ መቀበል አይረሳ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው እርጥቡን ከሥር ባገኙ ጊዜ፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ሻጩን ጠይቀውታል። የትናንቱን ዓሣ ከዛሬው ሥር የሚሸሽግም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

በክርስቲያኖች ዐቢይ ጾም ወቅት ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወደዳል። ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ደግሞ በረዶ ይያዝ፤ መንገዱ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የስምጥ ሸለቆው ሙቀትም ዓሣ አይምርም።