ጨዋታም ሥራ ነው

በአገራችን አነጋገር «ጨዋታ» ሲባል ሁለት ነገር ይታሰባል፤ አንደኛው የወዳጆች ወግ ሲሆን ሁለተኛው ሥራ የፈታ ሰው ጊዜውን የሚያሳልፍበት ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ሁሩታ ተመልሶ «የኢንተርኔት ጨዋታ እየሠራሁ ነው» ቢል፥ ዘመዶቹ «ሥራስ የምትይዘው መቼ ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄው የሚያስቀይም አይደለም፤ ልጁን ለዚህ ያደረሱት ከስንዴና ከገብስ በተገኘ ገንዘብ ነውና። እኛ ግን ነገሩ በዚህ ብቻ የሚዘጋ አይመስለንም።

ገበጣን እናስብ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፥ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን ልዩ ልዩ የገበጣ አጨዋወቶች ሰብስበዋል። በጉድጓድና በጠጠር ብቻ መቁጠርንና አስቀድሞ ማሰብን ሲለማመድ የኖረ ሕዝብ፥ ጨዋታ መፍጠርን ከባዕድ የሚዋስ አይደለም። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅትም ይህንኑ ገበጣ ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ ከገበሬ እጅ የምታመልጠውን ዶሮ የሚያሳየውን «ኩኩሉ»ንም ሠርቷል።

ወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በችሎታ ማነስ ሳይሆን በሐሳብ ትልቅነት ነው። የአድዋን ጦርነት በሙሉ በአንድ ጨዋታ ለማሳየት ይነሡና ፈረሱ ሳይሮጥ ይተዉታል። የ19 ዓመቱ ኢጣሊያዊ ጋብርኤሌ ቺሩሊ ግን «2048» የተባለውን የቁጥር ጨዋታ የሠራው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 በአንድ ቅዳሜና እሑድ ነው። ጆሽ ዋርድል «ወርድል» የተባለውን የቃላት ጨዋታ የሠራው ለፍቅር ጓደኛው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1 ቀን 2021 የነበሩት ተጫዋቾች 90 ብቻ ሲሆኑ፥ በሁለት ወር ውስጥ 300,000 ደረሱ። ያደገውም በማስታወቂያ አይደለም፤ ተጫዋቹ መልሱን ሳይገልጥ ውጤቱን በቀለም ሣጥኖች ለወዳጁ እንዲልክ በመደረጉ ነው።

ይህን ጨዋታ ወደ አማርኛ እናምጣው ያለ ሰው ወዲያው ከፊደላችን ጋር ይጋጠማል። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ሲኖረው የእኛ ገበታ 33 ጊዜ ሰባት፥ ማለት 231 ነው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። የተሰወረው ቃል «ስንዴ» ቢሆንና ተጫዋቹ «ሰንጋ» ብሎ ቢጽፍ፥ «ን» በቦታው ነው፤ «ሰ» ግን ፍጹም ስሕተት ሊባል አይገባውም፤ ቤቱን አግኝቶ መልኩን ስቷልና። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሌላ ቀለም ያስፈልጋል። «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ የጻፈውንስ እንቀጣዋለን? በእኛ አስተያየት ይቅር ሊባል ይገባዋል፤ የፊደል አጻጻፍ ክርክር ለሊቃውንት ይተው። 231 ቁልፍም በትንሽ ስልክ ላይ አይደረደርም፤ ግዕዙ ሲነካ ሰባቱ እንዲዘረጉ ማድረግ ይሻላል። ይህን ሁሉ ከውጭ አገር መጥቶ የሚያስብልን የለም።

የሎዴ ሄጦሳ ዋና ከተማ በሆነችው በሁሩታ ተቀምጦ ለሚሠራም የቦታው ጠባይ አስተማሪ ነው። መብራት ሊጠፋ፥ የኢንተርኔት ጥቅል ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ጨዋታው አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ያለ መስመር መሥራት አለበት። ቋንቋውም አፋን ኦሮሞና አማርኛ ቢሆን የተጫዋቹ ቍጥር ይበዛል። ጨርሶ እንዳበቃ ስልኩን ለሰፈር ልጆች ሰጥቶ ዝም ብሎ ይመልከት፤ የት እንደሚቆሙና የት እንደሚሰለቹ ያያል። ማስረዳት ካስፈለገው ያልተሠራ ነገር አለ ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡ ግን ወጣቱን ማታለል አንወድም። ጉግል ፕሌይ ለአንድ ጊዜ መመዝገቢያ 25 ዶላር ይጠይቃል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ጥቂት መቶ ተጫዋች ላለው ጨዋታ ከማስታወቂያ የሚገኘው ገቢ የቤት ኪራይ አይከፍልም። በተቃራኒውም የቬትናሙ ዶንግ ንጉየን «ፍላፒ በርድ» የተባለው ጨዋታው እጅግ ገንዘብ በሚያስገባበት ሰዓት፥ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በገዛ እጁ ከገበያ አውጥቶታል፤ ሰላም ነሥቶት ነበርና። እንግዲህ ደመወዝ ያለው ወጣት ሹም ደመወዙን ይዞ በምሽቱ ቢሠራ ይሻለዋል እንላለን።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የምስክር ወረቀት የወሰዱ ወጣቶች አሉ። ሥራ ሲጠይቁ ግን በወረቀቱ ላይ አንድ ያለቀ ጨዋታ ቢጨምሩበት ቀጣሪው የሚጠይቃቸው ሌላ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጣችሁ ጓደኞቻችንም ልትረዱ ትችላላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ተዘግቶ የሚውል የስብሰባ አዳራሽና ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተር በብዙ ወረዳ አይጠፋም፤ የሚጎድለው ቁልፉን የሚሰጥ ሰው ነው።