ጠያቂ ወይስ ጧሪ?

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ሁለት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነው። አንደኛው፣ ሰው ጉልበቱ ሲደክም የሚያበላውና የሚያጠጣው፣ ደግፎም የሚያነሣው ወገን እንዲኖረው መመኘት ነው። ሁለተኛው፣ በሞተ ጊዜ አልቅሶ የሚቀብረው ዘመድ እንዳያጣ መለመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በአሜሪካ በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ሁለቱንም አጡ። ጧሪው በር ላይ ተከለከለ፤ ቀብሩም በጥቂት ሰዎች ተወሰነ። ከልካዩ ጨካኝ ልጅ ወይም ጠላት ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በቀለለ ነበር። የከለከለው ግን የእነዚሁን አረጋውያን ሕይወት ለማትረፍ የወጣ መመሪያ ነበር።

በአሜሪካ መጦሪያ ቤት ሲባል ዘመድ ያጡ ሰዎች መሰብሰቢያ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በ2020 ከ15 ሺህ በሚበልጡ እንዲህ ባሉ ቤቶች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ ልጆች፣ የልጅ ልጆች ወይም የትዳር ጓደኛ ነበሯቸው። ወደዚያ የገቡት ሌትና ቀን አስታማሚ የሚያሻቸው ሕመምተኞች በመሆናቸው፣ ልጆቻቸውም ለኑሮ ሲሉ ሥራ መዋል ግድ ስለሆነባቸው ነው። ልጅ ታዲያ እናቷን እዚያ አስገብታ አትረሳም። በምሳ ሰዓት ትመጣለች፤ ታጎርሳለች፤ ጠጉር ታበጥራለች፤ ተረከዝ ላይ መቅላት የጀመረውን ቆዳ ከነርሷ ቀድማ ታያለች። የመርሳት በሽታ ያደረበት ሰው ከማያውቀው እጅ አልጎርስም ሊል ይችላል። ከሌላ አገር መጥቶ እንግሊዝኛን በጎልማሳነቱ የተማረ ሽማግሌም፣ በሽታው ሲጠናበት ይህን ቋንቋ ረስቶ ወደ እናቱ ቋንቋ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ «ውኃ ጠማኝ» ማለቱን የሚረዳለት ምናልባት ልጁ ብቻ ነው። በተቋሙ መዝገብ ላይ ግን ይህ ሁሉ ሰው «ጠያቂ» ተብሎ ይጻፋል።

ወረርሽኙ በአሜሪካ መጦሪያ ቤቶች ምን ሊያደርስ እንደሚችል መጀመሪያ የታየው በዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል አጠገብ በምትገኘው በከርክላንድ ከተማ ነው። በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ በሽታው ወደ አንድ መጦሪያ ቤት መግባቱ ታወቀ። እስከ ማርች 18 ድረስ 101 ነዋሪዎች፣ 50 የጤና ሠራተኞችና 16 ጠያቂዎች መያዛቸው ተረጋገጠ፤ ከነዋሪዎቹም 34ቱ ሞቱ። ልጆችና የትዳር ጓደኞች ከውጭ በመስኮቱ ሥር ቆመው፣ በመስታወት እየተያዩ በስልክ ይነጋገሩ ነበር። ጆሮው ለከበደ ሰው ይህ ምን ያህል ንግግር እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ማርች 13 ቀን 2020 የሜዲኬርና የሜዲኬይድ አገልግሎቶችን የሚመራው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ በመላ አገሪቱ ያሉ መጦሪያ ቤቶች ለጠያቂ እንዲዘጉ መመሪያ አወጣ። በዚያን ጊዜ ይህ ትክክል ነበር። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ለነርሶች እንኳ በበቂ አልተዳረሰም፤ ምርመራው ውስን ነበር፤ ክትባት ገና አልተገኘም። በከርክላንድ የተያዙት 16 ጠያቂዎችም በሽታው ከእነርሱ ጋር ሊገባም ሊወጣም እንደሚችል ያመለክታሉ። በሩን የዘጉትን ሰዎች በጭካኔ መክሰስ ግፍ ይሆናል። ጥያቄው የሚነሣው ከዚያ በኋላ በተከተሉት ወራት ላይ ነው።

መመሪያው አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ ይኸውም ለርኅራኄ ሲባል፣ ለምሳሌ ነዋሪው ለሞት ሲቃረብ፣ ዘመድ ሊገባ ይችላል የሚል ነው። ብዙ ቤቶች ምሳሌውን እንደ ብቸኛ ምክንያት ቆጠሩት። ለመሆኑ ሰው ለሞት የሚቃረበው መቼ ነው? በኤፕሪል ከልጁ እጅ የለመደውን ምሳ መተው የጀመረ፣ በሜይ ክብደቱ የቀነሰ፣ በጁን ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሰው፣ በየትኛው ቀን ነው ለሞት የተቃረበው? በሐኪሙ መዝገብ ምናልባት በመጨረሻው ሳምንት ይሆናል። ልጁ ያስፈለገችው ግን በኤፕሪል ነበር። ማጉረስ በሚጠቅምበት ጊዜ ተከልክለው፣ መጉረስ ባቃተው ጊዜ ግቡ የተባሉ ቤተሰቦች ኀዘናቸው እጥፍ ድርብ ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2020 ባወጣው አዲስ መመሪያ፣ ልዩው ፈቃድ ለሞት ለተቃረቡት ብቻ እንዳልሆነ አስታወቀ። ወዳጅ ዘመድ በቅርቡ የሞተበት፣ ቤተሰቡ አጠገቡ ሆኖ ካላበረታታው የማይበላና የማይጠጣ፣ ቀድሞ ይናገር የነበረና አሁን ዝም ያለ ነዋሪ ሁሉ ፈቃዱ እንደሚመለከተው ተገለጸ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የመጣው ግን ከስድስት ወር በኋላ ነው። በሩ ለሁሉም የተከፈተው ደግሞ ኖቬምበር 12 ቀን 2021፣ ማለትም በተዘጋ በ20ኛው ወር ነው።

በሩ ተዘግቶም ሞቱ አልቆመም። በ2022 መጀመሪያ በአሜሪካ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ በሚሰጡ ተቋማት የሞቱት ነዋሪዎችና ሠራተኞች ከ200 ሺህ በላይ ሆነው ነበር። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በከርክላንድ አካባቢ ባደረገው ምርመራ፣ ለመዛመቱ ምክንያት ከሆኑት መካከል ሠራተኞች ታመው ሳሉ መሥራታቸውንና ከአንድ በላይ በሆነ ቤት መቀጠራቸውን ጠቅሷል። ይህ በእነርሱ ላይ እንደ ነቀፋ ሊቆጠር አይገባም። ብዙውን ጊዜ ሰው በሁለት መጦሪያ ቤት የሚሠራው የአንዱ ደመወዝ ስለማይበቃው ነው፤ ታሞም የሚገባው ለቀረበት ቀን ስለማይከፈለው ነው። (ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከሌላ አገር የሄዱ ናቸው፤ ከኢትዮጵያና ከጎረቤቶቿ ሄደው፣ የራሳቸውን ወላጅ በሩቅ ትተው የሰው ወላጅ የሚጦሩም በመካከላቸው አሉ።) ጠያቂን መከልከል ወጪ የለውም፤ ደመወዝ ማሻሻልና የሕመም ፈቃድ መክፈል ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ክልከላው ያን ያህል የሰነበተበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

የተሻለ መንገድ እንደነበረ የሚኒሶታ ግዛት ጤና መምሪያ በጁላይ 2020 አሳይቷል። ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከወረርሽኙ በፊት ነዋሪውን ዘወትር ይረዳ የነበረ ዘመድ ወይም ወዳጅ «አስፈላጊ አስታማሚ» ተብሎ ተሰይሞ፣ መሸፈኛ አድርጎና ስለ ጤንነቱ ተጠይቆ ሊገባ ይችል ነበር። ሌላ ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት ይህ ሐሳብ በምክር መልክ ከሚቀር ሕግ ሊሆን ይገባዋል። ነርሷ መሸፈኛ አድርጋ የምትገባ ከሆነ፣ ያንኑ መሸፈኛ ያደረገች ልጅ የማትገባበት በቂ ምክንያት አይገኝም። እርግጥ ነው፣ 100 ነዋሪ ባለበት ቤት 100 ተጨማሪ ሰው መግባቱ አደጋውን ይጨምራል፤ በሚቀጥለው አልጋ የተኛው ሰው ደግሞ አደጋውን አልመረጠውም። ስለዚህ ሰዓት መከፋፈል፣ በየጊዜው መመርመር፣ ሌሎች ክፍሎች አለመግባት ግዴታ ይሆናል።

ሌላው ችግር ምርጫው ነው። አምስት ልጆች ላሏቸው አረጋዊት አንድ ብቻ ይግባ ከተባለ ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ በኩሩ በበኩርነቱ፣ ከፋዩ በከፋይነቱ ልግባ ይላል። ምርጫው ግን የተቋሙም የበኩሩም አይደለም። አረጋዊቷ መናገር ከቻሉ ስም ይጥሩ፤ መናገር ካልቻሉም በምሳ ሰዓት ማን ይመጣ እንደነበር ነርሶቹ ያውቃሉ።