ስሙ ፍጥነት፣ ጉዞው የኤሊ

ዛሬ ፖለቲካውንም የታክሲ ሰልፉንም ለአንድ ቀን አሳርፈን ስለ ጌም ልናወራ ነው። «ሥራ የፈቱ ልጆች» ብላችሁ ገጹን እንዳትዘጉብን። የምናነሳው ጉዳይ ከጌም አልፎ፣ ያላለቀ ነገር ገዝቶ እስኪያልቅ የሚጠብቅን ሰው ሁሉ ይመለከታል። እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ በየሰፈራችን አይጠፋም።

ኒድ ፎር ስፒድን የማያውቅ የለም። እኛ የምናወራው ግን ስሙ ስለሚያምታታው ሌላ ጌም፣ ስለ ላይቭ ፎር ስፒድ ነው። ኒድ ፎር ስፒድ የግዙፍ ኩባንያ ልጅ ነው፤ በ2000ዎቹ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አዲስ ይወጣለት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልን።) ላይቭ ፎር ስፒድ ደግሞ የሦስት ሰዎች ሥራ ሆኖ ተጀመረ። ኮዱ የስካዌን ሮበርትስ፣ መኪናዎቹና መወዳደሪያ መንገዶቹ የኤሪክ ቤይሊ፣ የኦንላይኑ ክፍል የቪክቶር ቫን ፍላርዲንገን ድርሻ ነበር። ከጀርባቸው አሳታሚ ኩባንያ አልነበረም፤ ቀነ ገደብ የሚቆርጥላቸው አለቃም አልነበረም።

ሁለተኛው ልዩነት አነዳዱ ነው። በኒድ ፎር ስፒድ ግድግዳ ገጭታችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ላይቭ ፎር ስፒድ ግን ሲሙሌተር ነው፤ እውነተኛውን መኪና ለመምሰል የተሠራ። ፍሬኑን ያለ ልክ ከረገጣችሁት ጎማው ይቆልፋል፣ አስፋልቱ ላይ እየተጎተተ በአንድ በኩል ይላጫል፣ ከዚያ በኋላ የተላጨው ቦታ በዞረ ቁጥር መኪናው ይንቀጠቀጥባችኋል። ጎማው በውስጥ ጠርዙ፣ በመሃሉና በውጭ ጠርዙ ለየብቻ ይሞቃል፣ ለየብቻ ያልቃል። ፍሪሲዮኑንም ብታሰቃዩት ይግላል፣ ይንሸራተታል። ይህን ሁሉ ሦስት ሰዎች መሥራታቸው ያስደንቃል። ታዲያ ሰው ለምን ያማርራል?

ሁለት ዓመት፣ ከዚያ አሥር ዓመት

የመጀመሪያው ዴሞ በ2002 ወጣ። ዕቅዱ በሦስት ደረጃ የተከፈለ ነበር፤ ኤስ 1፣ ኤስ 2፣ ኤስ 3። አንደኛው ደረጃ በ2003 ተሸጠ። ሁለተኛው በ2005 ተከተለ፤ «አልፋ»፣ ማለትም ገና ያላለቀ፣ የሚል ታፔላ ለጥፎ። በሁለት ዓመት አንድ ደረጃ መውጣት ለሦስት ሰው ሩጫ ነው። በ2006 የቢኤምደብሊው ሳውበር ፎርሙላ ዋን መኪና ሲገባበት ደግሞ ተጫዋቹ ሁሉ «እነዚህ ልጆች ዓለምን ሊገለብጡ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ቆመ። ቢያንስ ቆመ መሰለ። ማሻሻያዎቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሰየሙ ነበርና በ2008 ተራው ዜድ ላይ ደረሰ። ፊደሉ አለቀ። ወደ አዲሱ ቁጥር የተሻገረው ቀጣዩ ይፋዊ እትም የመጣው በ2011 ነው። በዚህ መሃል ደግሞ የቮልስዋገን ሺሮኮ መኪና ሊገባ ነው ተብሎ ነበር። ጠበቁ። ነገር ግን ስካዌን የጎማው ስሌት ከመሠረቱ እንደገና መሠራት አለበት ብሎ ተነሳ፤ መኪናዋም ስሌቱ እስኪያልቅ ቆይ ተባለች። ያ «ቆይ» ዓመታትን ጎተተ። ሦስተኛው ደረጃ፣ ኤስ 3፣ በሩን የከፈተው በ2015 መጨረሻ ነው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሁለት ዓመት፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው አሥር ዓመት መሆኑ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ኤስ 2ን የገዛ ልጅ ኤስ 3ን ያየው በሃያ አምስት ዓመቱ ነው።

ተጫዋቾቹ ምን ይላሉ?

የተጫዋቾቹን ክርክር ለዓመታት ከዳር ሆነን ስንከታተል ሦስት ወገን አይተናል።

አንደኛው ወገን «ተዉአቸው» ይላል። ክርክሩም ቀላል አይደለም። ኤስ 2ን ለመንዳት ሃያ አራት ፓውንድ ይከፈል ነበር፤ ያውም አንዴ። ወርሃዊ ክፍያ የለም፣ ለማሻሻያ ተጨማሪ ሒሳብ የለም። በ2005 የከፈለ ሰው ከዚያ በኋላ የመጡትን የኤስ 2 ማሻሻያዎች ሁሉ በዚያችው ብር አግኝቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የቸኮለች ደግሞ አፍሳ ለቀመች። ምን ቀረብህ ብለህ ነው የምትጮኸው?

ሁለተኛው ወገን «ሞቷል፣ ቅበሩት» ባይ ነው። ይህ ወገን ቁጣው ከፍቅር የመጣ ነው። የማይወደውን ጌም ለአሥር ዓመት የሚያማ ሰው የለም። ሌሎቹ ሲሮጡ አይቷል፤ አይሬሲንግ በ2008 ሲመጣ፣ ጣሊያኖቹ የሠሩት አሴቶ ኮርሳ በ2014 ሲወጣ አይቷል። የሚወደው ልጅ ክፍል ደግሞ ሲቆጠር እሱ ነው የሚያፍረው።

ሦስተኛው ወገን «እናግዛችሁ» ይል ነበር። መኪና መሥራት የሚችል ተጫዋች ሞልቷል፣ በሩን ክፈቱልን ይላል። ሠሪዎቹ ለረጅም ጊዜ አልፈቀዱም። በአንድ ውድድር ላይ ሁሉም ሰው እኩል ነገር ይዞ እንዲነዳ ከተፈለገ፣ እያንዳንዱ በጓዳው የሠራውን መኪና ይዞ መምጣት አይችልም የሚለው ሐሳብ ውሃ ያነሳል።

እኛስ?

በቅድሚያ ኑዛዜ። እኛ ከዴሞው አላለፍንም። ያኔ እዚህ አገር ሆኖ በፓውንድ የሚከፍል ካርድ ማግኘት መኪናውን ራሱን ከማግኘት ብዙም አይቀልም ነበር። የእኛ ላይቭ ፎር ስፒድ ብላክዉድ የምትባል አንዲት የመወዳደሪያ መንገድና እፍኝ የማትሞላ መኪና ናት። በአሮጌ ኮምፒውተር፣ በኪቦርድ፣ እየተፈራረቅን። አንዷ ስትነዳ ሌሎቻችን «ፍሬን! ፍሬን!» እያልን። ስለዚህ «ገንዘቤን በላችሁ» ብለን የመክሰስ መብት የለንም። ምናልባት ለዚህ ነው ሁለቱንም ወገን ረጋ ብለን መስማት የቻልነው።

የእኛ አቋም ይህ ነው። ፍጥነት ዕዳ አይደለም። ሦስት ሰው እንደ ሦስት መቶ ሰው አይሠራም፤ እንዲሠራም አንጠብቅም። የፍጥነት ዋጋም ይታወቃል። አይሬሲንግ ያለ ደንበኝነት ክፍያ አይነዳም፤ በላዩ ላይ መኪናና መንገድ ለየብቻ ይገዛል። አሴቶ ኮርሳን የሠራው ኩኖስም በ2017 ለትልቅ ድርጅት ተሸጧል። ይህን የምንለው ለመንቀፍ አይደለም፣ ሁለቱም ግሩም ሥራዎች ናቸው። ግን በራስ ገንዘብ፣ በራስ እጅ፣ ያለ አለቃ የሚሠራ ነገር ብዙ ጊዜ ቀርፋፋ ነው። ነፃነቱን እያደነቅን ቀርፋፋነቱን ብቻ መራገም አይሆንም።

ቃል ግን ዕዳ ነው። ሺሮኮን ተጫዋቾቹ አልጠየቁም ነበር፤ ትመጣለች ያለው ሌላ ነው። ቃል ከተሰጠ በኋላ መዘግየት ያጋጥማል፤ ጎማው አልሆነም ማለትም ነውር የለውም፤ እንዲያውም መኪናዋን በማይረኩበት ጎማ ላይ ጭነው ቢሸጡ ኖሮ ይብስ ነበር። ተጫዋቹን ያቃጠለው በዜናና በዜና መሃል ያለው ረጅሙ ዝምታ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ነገር ገብቶናል፤ ወሬ በሌለበት ቦታ ሐሜት ይበቅላል። በየሦስት ወሩ «ጎማው ገና ነው፣ ይኸው እዚህ ደርሰናል» የምትል አንዲት አንቀጽ ብትጻፍ ስንት ሐሜት ባዳነች!

«ካልተመቸህ ሂድ» ለሚለውም መልስ አለን። ይህ መልስ ለብቻ ለሚጫወት ጌም ያስኬድ ይሆናል። ውድድር ግን ሰው ይፈልጋል። የላይቭ ፎር ስፒድ ውበቱ ጎማው ብቻ አይደለም፤ ከኋላችሁ ያለው መብራት የእውነተኛ ሰው መሆኑ ነው። ሊግ የሚያደራጁ፣ ቅዳሜና እሑዳቸውን ለዚያ የሚሰጡ፣ ፖሊስና ታክሲ ያለበት የከተማ ጉዞ እየፈጠሩ ሰርቨር የሚያሟሙቁ ተጫዋቾች ናቸው ጌሙን በእነዚያ ዝምተኛ ዓመታት ያቆዩት። አንድ ሰው ተስፋ ቆርጦ በወጣ ቁጥር የቀሩት የሚነዱት ጌም ይቀንሳል። ኮዱ አንድ መስመር አይጎድልበትም፣ ሰልፉ ግን ይሳሳል። እንግዲህ «ሂድ» የሚለው ሰው ማንን እያባረረ እንደሆነ ልብ ይበል፤ በሚቀጥለው ኩርባ ላይ የሚፎካከረውን ሰው ነው።

ለዚህም ነው በ2021 ታኅሣሥ (በእነሱ ዲሴምበር) የሆነው ነገር ያስደሰተን። ሠሪዎቹ በሩን ከፈቱ። ተጫዋቾች የራሳቸውን መኪና ሠርተው እንዲያስገቡ ተፈቀደ፤ ግን በዘፈቀደ አይደለም፣ እየታየና እየጸደቀ፣ ሁሉም ሰው ያንኑ መኪና እንዲያገኝ ተደርጎ። ያ የድሮው የእኩልነት ሥጋት መፍትሔ ነበረው ማለት ነው። «እናግዛችሁ» ያለው ሦስተኛው ወገን ልክ ነበር፤ ልክነቱ የተመሰከረለት ግን ዘግይቶ ነው። በዚያ መሃል ስንቱ ጎበዝ ሠሪ እጁን አጣጥፎ ወደ ሌላ ጌም ሄዶ ይሆን? የሰው እርዳታ መቀበል ነፃነትን መሸጥ አይደለም። ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት መፍጀት አልነበረበትም።

የተዘጋው መንገድ

ለመሰናበቻ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ኤስ 3 በ2015 ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር ሮኪንግሃም ነበር። ሮኪንግሃም በእንግሊዝ አገር፣ በ2001 የተከፈተ እውነተኛ የመኪና መወዳደሪያ ነው። አስፋልቱ በሌዘር ተለክቶ፣ እብጠቱና ጉድጓዱ ሳይቀር ወደ ጌሙ ገባ። «ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀን አንድ መንገድ?» ያሉ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው።

ሦስት ዓመት ቆየና በ2018 መጨረሻ እውነተኛው ሮኪንግሃም ለውድድር ተዘጋ። ሞተር ሲያጓራበት የነበረው ሜዳ የመኪና ማቆያና ማከፋፈያ ሆነ። ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ መወዳደር የፈለገ ሰው እንግሊዝ ድረስ ቢሄድ አያገኘውም። ቀርፋፋው ጌም ውስጥ ግን አለ፤ ከነእብጠቱ።

ይህ ለዝምታው ይቅርታ አያሰጥም። ለሚያማርሩት ግን አንድ ነገር ይነግራል፤ ቀስ ብሎ በጥንቃቄ የተሠራ ነገር ከሠሩለት ነገር በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ለሠሪዎቹም ሌላ ነገር ይነግራል፤ መንገዱን ማቆየት ብቻውን አይበቃም፣ የሚነዳበት ሰውም መቆየት አለበት። ሰው ደግሞ የሚቆየው ሲነግሩት ነው።

እኛ ብላክዉድ ላይ ነን። ያቺን የመጨረሻዋን ኩርባ ዛሬም ሳንወጣ በአንድ ጎማ ሣር ላይ እንገባለን። እናንተስ ከየትኛው ወገን ናችሁ?