ስለ መታጠቢያ ቤት መስተዋት ለነጋዴውም ለቤት ሠሪውም የቀረበ አሳብ

በመቀሌ ከተማ በእንዳ ኢየሱስ በኩል የሚያልፍ ሰው እንደሚመለከተው፣ በጥርብ ድንጋይ የተሠሩት መኖሪያ ቤቶች ከውጭ የአባቶችን ወግ ሲጠብቁ ከውስጥ ግን አዲስ መልክ ይዘዋል። ከዚህም አዲስ መልክ አንዱ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚቆመው መስተዋት ነው። ቀድሞ በዚህ ክፍል የምናውቀው መስተዋት ፊት የሚታይበትና በትንሽ መስኮት ላይ የሚገጠመው ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ሻወሩን ከቀረው ክፍል የሚለይ ግድግዳና በር ሆኖአል። ስለዚህ ነገር በንግድ ሥራ ላይ ላሉት ሁሉ፣ እንዲሁም ቤት ለሚያሠሩት ጥቂት አሳብ ለማቅረብ እንወዳለን።

የመስተዋት ጥቅም የሚካድ አይደለም። ግንብ የሚከለክለውን ብርሃን መስተዋት ያሳልፋል፤ ጠባቡን ክፍል ሰፊ ያስመስላል፤ ውሃው በወለሉ ሁሉ እንዳይረጭ ስለሚያግድም ሰውን ከመንሸራተት ይጠብቃል። ገመናው እንዳይታይ ለሚፈልግ ደግሞ ብርሃን እያሳለፈ መልክን የሚሰውር ደብዛዛ መስተዋት አለ። ስለዚህ መስተዋቱ ለጌጥ ብቻ ነው የሚለውን ነቀፌታ አንቀበልም።

ነገር ግን መስተዋት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በገበያ «ቴምፐርድ» የሚባለው ጠንካራ መስተዋት ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በቀዝቃዛ አየር በድንገት እንዲበርድ ይደረጋል። ላዩ ፈጥኖ ሲረጋ ውስጡ ዘግይቶ ስለሚኮማተር ላዩን አጥብቆ ይይዘዋል። በዚህም ምክንያት ጥንካሬው ከተራው 4 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ቢሰበርም ጥቃቅን ፍርፋሪ ሆኖ ይረግፋል። ተራው የመስኮት መስተዋት ግን ሲሰበር እንደ ቢላዋ የሚቆርጥ ረጅም ስባሪ ያወጣል። ሁለቱ በሱቅ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ሲታዩ በመልክ አይለያዩም፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው በአደጋ ቀን ነው።

ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም። ከዘመዶቻችን ባንዱ ቤት የሻወሩ በር በተራ መስተዋት ተሠርቶ ነበር። አንድ ቀን ልጁ ሳሙና አንሸራቶት ክንዱን በበሩ ላይ ቢያሳርፍ መስተዋቱ ተሰብሮ ክንዱን ክፉኛ ቈረጠው። በእግዚአብሔር ቸርነት ድኖአል፤ ጠባሳው ግን አልጠፋም። አባትየው ወደ ሻጩ ሄዶ ቢወቅሰው «በር መሆኑን እንጂ የሻወር በር መሆኑን አልነገርኸኝም» አለው። ሻጩ አልዋሸም፤ ገዢው ያልጠየቀውን አልተናገረም። የእኛም ክርክር ከዚሁ ዝምታ ጋር ነው።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቱ አባላት የሆኑ የመስተዋትና የአሉሚኒየም ነጋዴዎች አንድ ልማድ እንዲያቋቁሙ እናሳስባለን፤ ይኸውም በሚሰጡት ደረሰኝ ላይ የመስተዋቱን ዓይነትና ውፍረት በሚሊሜትር መጻፍ ነው። ደረሰኙ ለገዢው ማስረጃ፣ ለሐቀኛው ነጋዴም ጋሻ ይሆነዋል። አለዚያ በተራ መስተዋት ዋጋውን ዝቅ የሚያደርገው ሰው ደኅናውን ዕቃ የሚያቀርበውን ከገበያ ያስወጣዋል።

ገዢውም በበኩሉ ሁለት ነገር ይመልከት። መጀመሪያ፣ በመስተዋቱ ጥግ ላይ የማይፋቅ የፋብሪካ ማኅተም ይፈልግ። ሁለተኛ፣ ጠንካራው መስተዋት አንዴ ከተሠራ በኋላ እንደማይቆረጥና እንደማይበሳ ይወቅ። እንግዲህ «ቴምፐርድ ነው፤ አሁኑኑ በልክህ እቆርጥልሃለሁ» የሚል ሻጭ ቢያጋጥመው፣ ዕቃው ተራ መሆኑን ሻጩ በገዛ አፉ መሰከረ ማለት ነው።

ጠንካራው ውድ ነው፤ ከሩቅ ሲታዘዝም ልኩ በጥቂት ቢሳሳት ገንዘቡ ይጠፋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ግን የግንቡና የሴራሚኩ ሥራ ካለቀ በኋላ ልኩን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ወስዶ ማዘዝ ነው እንጂ ወደ ተራው መመለስ አይደለም። አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ግማሽ ግንብ አሠርቶ መጋረጃ ቢሰቅል አያሳፍረውም። ጨርቅ ማንንም አይቈርጥም።

ሌላው ጉዳይ የውሃ ነው። የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ውሃ ምን ማለት እንደ ሆነ በታሪክ ያውቃል። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. በዚያ መሽጎ የነበረው የማጆር ጋሊያኖ ጦር ምሽጉን የለቀቀው፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ከተያዘበት በኋላ ነበር። ዛሬም የመቀሌ ሰው ውሃ በፈረቃ መጠበቅን ያውቃል። እንግዲህ ውሃ በባልዲ ቀድቶ በጣሳ የሚታጠብ ቤተሰብ ለመስተዋት ከማውጣቱ በፊት ለሮቶ ቢያወጣ ይሻለዋል እንላለን፤ ነጋዴውም ይህን ቢመክረው ደንበኛውን አያጣም።

ከዚህም በቀር የመቀሌ የጉድጓድ ውሃ በኖራ ድንጋይ መካከል የሚያልፍ በመሆኑ ማዕድን ይበዛበታል፤ በመስተዋት ላይ ሲደርቅም ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። መድኃኒቱ ከታጠቡ በኋላ ወዲያውኑ በጎማ መጥረጊያ ማድረቅ ነው። ነጠብጣቡ ከደረቀ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ያስለቅቀዋል፤ ነገር ግን አቼቶ የኖራ ድንጋይንና እብነ በረድን ስለሚበላ ወለሉ ወይም ግድግዳው በእነዚህ የተሠራ ቤት በጨርቅ ነክሮ መስተዋቱን ብቻ ይጥረግ። ሻጩ ይህን ለገዢው በሁለት ቃል ቢነግረው ምንም አይጎድልበትም።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በደረሰኝ ላይ አንድ መስመር መጨመር የቀለም ወጪ እንኳ አያስከትልም። የመስተዋት ነጋዴዎቻችን የመንግሥት ትእዛዝ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ይህን በገዛ ፈቃዳቸው ቢጀምሩት፣ ሕዝቡ እምነቱን እንደሚሰጣቸው አንጠራጠርም።