መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ

የኛ ሰው መንገደኛ ሲሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብሎ ይመርቃል። የየት አገር ሰው ነህ፣ ታርጋህስ ምን ዓይነት ነው ብሎ አይጠይቅም። አንዱን መንገድ ለአንዱ ጨርቅ፣ ለሌላው እሾህ ማድረግ ግን ይቻላል። እስራኤል ከ1967 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በያዘችው በዌስት ባንክ የሆነው ይኸው ነው።

እዚያ መኪና በታርጋው ይለያል። የእስራኤል ቢጫ ነው፤ የፍልስጤማውያን ደግሞ ነጭ ሆኖ ጽሑፉ አረንጓዴ። ቢጫው ሽው ብሎ ያልፋል፤ ነጩ ኬላ ላይ ይሰለፋል። ከቤተልሔም ራማላ ለመሄድ ቀጥተኛው መንገድ በኢየሩሳሌም በኩል ነው። የይለፍ ወረቀት የሌለው ፍልስጤማዊ ግን በዋዲ ናር ገደላማ ጠመዝማዛ ዞሮ መሄድ አለበት። ዋዲ ናር በዐረብኛ የእሳት ሸለቆ ማለት ነው።

በሰላሙ ጊዜ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የሚወርደው የኛ ተሳላሚ ይህን ልብ ብሎት ይሆን? ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጎልጎታን ይሳለማል፤ በአውቶቡስ ቤተልሔም ደርሶ ይመለሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያው ቤተልሔም ተወልዶ ያደገው ክርስቲያን ግን ያለ ፈቃድ ጎልጎታ አይደርስም። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ገብቶ፣ ጎረቤት ደጅ ይቀራል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ቃሉን አትልቀቁት» እላቸው ነበር። እስቲ አንድ ቃል እንያዝ፤ «የአካባቢው ሕዝብ» የሚለውን። ኢየሩሳሌምን ከቴልአቪቭ የሚያገናኘው ቁጥር 443 መንገድ ከፊሉ በዌስት ባንክ ያልፋል። ለዚሁ መንገድ ሲባል የፍልስጤማውያን መሬት ተወሰደ። አቤቱታ ቢቀርብ፣ የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 መንገዱ የአካባቢውንም ሕዝብ ይጠቅማል ብሎ ፈቀደ። ሁለተኛው ኢንቲፋዳ ተነስቶ በመንገዱ ላይ እስራኤላውያን ሲገደሉ፣ መንገዱ ለዚያው ለአካባቢው ሕዝብ ተዘጋ። በ2009 መጨረሻ ያው ፍርድ ቤት ይህን እገዳ ሻረ። በ2010 ሲከፈት ደግሞ ወደ ራማላ የሚያስገባው በር እንደተዘጋ ቀረ። መሬቱ በገበሬው ስም ተወሰደ፣ መንገዱ በስሙ ተሠራ፤ ልሂድበት ሲል ግን ስሙ ተረሳ። ምን ይሉታል ይሄን?

«ለጸጥታ ነው» ይባላል። በኢንቲፋዳው ዘመን በአውቶቡስና በካፌ ውስጥ በፈንጂ ያለቁት ሰላማዊ እስራኤላውያን ደማቸው ደም ነው፤ ይህን የሚያቃልል ከኔ ጋር አይቁም። ነገር ግን ፍተሻ ሌላ፣ እገዳ ሌላ። ፍተሻ «ምን ይዘሃል?» ነው የሚለው። እገዳ ግን «ማን ነህ?» ይላል፤ መልሱንም አስቀድሞ ወስኖታል።

ለጸጥታ ብቻ ከሆነ ኬብሮንን እንይ። በ1994 አንድ እስራኤላዊ ሰፋሪ በኢብራሂም መስጊድ ሲሰግዱ የነበሩ 29 ፍልስጤማውያንን በጥይት ገደለ። ከዚያ በኋላ የሹሃዳ ጎዳና ለማን የተዘጋ ይመስላችኋል? ለፍልስጤማውያን መኪና! ከ2000 ወዲህ ደግሞ ከጎዳናው ብዙው ክፍል ለእግረኛቸውም ተዘጋ። የሞተውም እነሱ ወገን፣ የተቀጣውም እነሱ ወገን።

ነገሩ እያደር ዓይን አውጥቷል። በ2019 ኢየሩሳሌም አጠገብ 4370 የተባለ መንገድ ተከፈተ፤ መካከሉ ላይ ስምንት ሜትር ግንብ ቆሞበታል። በአንዱ ጎን ቢጫ ታርጋ፣ በሌላው ጎን ነጭ ታርጋ ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2024 እስራኤል በያዘችው ግዛት መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው፣ በአፋጣኝ ይብቃ ብሏል። ኬላዎቹ ግን አልተነሱም።

የሰው መሬት ወስዶ የተሠራ፣ ባለመሬቱን ግን የማያሳልፍ ነገር መንገድ አይባልም። አጥር ነው፤ አስፋልት የለበሰ አጥር።