አገር ቤት ያለው ቤት ጡረታ አይደለም

አሜሪካ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ ኢትዮጵያዊ ስለ ጡረታው ሲጠየቅ መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «አገሬ ገብቼ አርፋለሁ፤ ቤቱም እየተጠናቀቀ ነው» ይላል። ቤቱ አዲስ አበባ፣ አያት ወይም ሲኤምሲ አካባቢ ያለ አፓርታማ ነው። ለእሱ ሲባል ሃያ ዓመት ሁለት ሥራ ተሠርቷል፤ ቀን ታክሲ፣ ሌሊት ፓርኪንግ። ልጆች ያደጉት አባታቸውን ተኝቶ እያዩ ነው። ይህን ያህል የለፋ ሰው በስተርጅናው ባዶ እጁን ሲቀር ማየት ያመኛል። ስለዚህ በየሠርጉና በየለቅሶ ቤቱ ማንም የማይከራከረውን ይህን ሐሳብ ፊት ለፊት መሞገት አለብን እላለሁ።

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚሁ አሜሪካ በሚቀረው የሥራ መዝገብ ላይ ነው። የሶሻል ሴኪውሪቲ ጡረታ የሚሰላው ታክስ በተከፈለበት ገቢ ብቻ ነው። መብቱን ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም የአሥር ዓመት ያህል ሥራ ይበቃል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ይህንን ነው፤ አሥር ዓመቱ ከሞላ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። የገንዘቡን መጠን የሚወስነው ግን የ35 ዓመት ገቢ አማካይ ነው። በአርባ ዓመቱ መጥቶ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው፣ የቀሩት አሥራ አምስት ዓመታት በዜሮ ይቆጠሩበታል። በዚያ ላይ ቤቱን ቶሎ ለመጨረስ በካሽ የሚከፈል ሥራ ከመረጠ፣ ወይም የታክሲና የኡበር ገቢውን አሳንሶ ካስመዘገበ፣ አማካዩ ጭራሽ ይዘቅጣል።

እስኪ እናስላው። አንድ ሾፌር ለሃያ ዓመት በወር 1,500 ዶላር ብቻ አስመዘገበ እንበል፤ የዓመታቱን የደመወዝ ዕድገት ማስተካከያ ለጊዜው እንተወው። ድምሩ 360,000 ዶላር ነው። በ35 ዓመት ወራት፣ በ420 ሲካፈል በወር 857 ዶላር ይሆናል። ሕጉ ለዝቅተኛው እርከን 90 በመቶውን ስለሚሰጥ፣ በ67 ዓመቱ ቢወጣ 770 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። በ62 ዓመቱ ከወጣ ደግሞ 30 በመቶው ተቀንሶ 540 ዶላር ይቀርለታል፤ ያም እስከ ዕድሜ ልኩ። የዚህ ሰው እውነተኛ ገቢ በወር 3,500 ከነበረና ያንኑ አስመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ በ67 ዓመቱ የሚያገኘው ከ1,300 ዶላር ያላነሰ ነበር።

የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኪውሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ ይከፍላል። ከባድ ነው፣ አልክድም። ከዚያ ለማምለጥ ሲባል ግን በማኅበረሰባችን ውስጥ ጎበዝ ታክስ ሠሪ ማለት ገቢን ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ሆኗል። ደንበኛው የዘንድሮውን ተመላሽ ገንዘብ አይቶ ይመርቀዋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደጎደለበት የሚነግረው የለም። ሕጋዊ ወጪን መቀነስ መብት ነው። ያልተመዘገበ ገቢ ግን፣ ከተገኘበት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ካለፈው በኋላ ቢጸጸቱም ለጡረታ አይቆጠርም። በዚህ ላይ አሠሪው የሚጨምርበትን የ401ኬ ቁጠባ «ገንዘቤን ይቆልፉብኛል» ብሎ የተወውን ሰው ብዛት አስቡት። በነጻ የሚሰጥ ገንዘብ ነበር።

ይህ ሁሉ የቀረለት ቤት ራሱስ? አፓርታማው ተከራይቶ በወር 30,000 ብር ያስገባ ነበር እንበል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ከ500 ዶላር በላይ የነበረው ኪራይ ወደ 250 ወረደ ማለት ነው። ኪራዩን እንዳሻው ከፍ አያደርገው ነገር፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም መንግሥት ከሚያወጣው ጣሪያ እንዳያልፍ ደንግጓል። ለተከራዩ የሚገባ ከለላ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። በኪራይ ብቻ ለመኖር ያሰበ ጡረተኛ ግን ሊያውቀው ይገባል። ከፍለው ቤታቸውን ለዓመታት የሚጠብቁትን አላነሣሁም።

«ዶላሬን ይዤ ከገባሁ እኮ አዲስ አበባ ላይ እንደ ጌታ እኖራለሁ» የሚል አለ። እውነት አለው፤ ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ይኸው ነው። ታዲያ አገር ቤት የሚያኖረው ዶላሩ ከሆነ፣ ለቤቱ ሲባል የተሸረሸረው ያው ዶላር ነው። ዜግነት የወሰደ ሰው የሶሻል ሴኪውሪቲ ጡረታውን ኢትዮጵያ ሆኖ መቀበል ይችላል። ጡረታው ስላነሰው በኤስኤስአይ የሚደጎም ከሆነ ግን ድጎማው ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን ሲሞላው ይቋረጣል። ሜዲኬርም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ውጭ አገር ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። «እዛ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ለሜዲኬር ፓርት ቢ ሳይመዘገብ የሄደ ሰው፣ በሰባ ሦስት ዓመቱ ልቡ ታሞ ሲመለስ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ዓመት ወርኃዊ ክፍያው ላይ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። አርፋለሁ የሚባልበት አገር ሰው በልቡ ያስቀመጠው አገር ነው። ፒያሳ በ2016 ፈረሰ፤ ካዛንቺስም ተከተለ። ቡና የሚያጣጡት ጎረቤቶች አንዱ ወደ ዳር ተነሥቷል፣ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ልጁ ጋ ካናዳ ነው። ልጅና የልጅ ልጅ ደግሞ ሜሪላንድ ናቸው። እገባለሁ ሲል የኖረ ሰው እዚህም ሥር አልሰደደም፤ ጎረቤቱን አያውቅም፣ የልጆቹን ቋንቋ በቅጡ አልተማረም፣ ከሥራ ውጭ የሚወደውን ነገር አልፈለገም። ሁሉን ለአገር ቤት አቆይቶታል። ሚስትየውን የጠየቃት አለ? ብዙ ጊዜ እሷ ከልጆቿ መለየት አትፈልግም፤ ጉዳዩ በግልጽ የሚነሣው ግን ትኬት ሊቆረጥ ሲል ነው።

አገሩ መግባት የሚፈልግ ይግባ። አስቀድሞ ግን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ነዋሪ፣ ያለ ሻንጣ ስጦታ፣ ክረምቱን ጨምሮ ስድስት ወር ኖሮ ይየው። እስከዚያው የሶሻል ሴኪውሪቲ መዝገቡን በኢንተርኔት ከፍቶ የየዓመቱን ገቢ ያንብብ፤ የጎደለውን ገና ጊዜ ሳያልፍ ያስተካክል። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው 67 እስኪደርስ አሥራ ሰባት የሥራ ዓመት አለው፤ ብዙ ዜሮ ይሞላል።

ዕድሮቻችንና አብያተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንም፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ በአንድ ቀን ገንዘብ ያሰባስባሉ። ያንን የሚያህል አቅም እያላቸው ለአዛውንት አባሎቻቸው የሜዲኬር ቅጽ የሚሞላላቸው ሰው የመደቡት ስንቶቹ ናቸው? ታክስ የሚሠሩ ወገኖቻችንም ቅጹን ከማስፈረማቸው በፊት፣ ያ የተቀነሰ ገቢ በ67 ዓመት ስንት ዶላር እንደሚያሳጣ ለደንበኛቸው በአማርኛ ይንገሩት።