የተውሶ ልብስ የለበሱ መጻሕፍት

የፍቅር ልብ ወለዶቻችንን ሽፋን ስናይ አንድ ነገር ይከነክነናል። ታሪኩ የጎጃም ወይም የመርካቶ ሆኖ ሳለ፣ ሽፋኑ ላይ የሚተቃቀፉት ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት የተለቀሙ ባዕዳን ናቸው፤ ፎቶ አንሺው አልተጠየቀ፣ ደራሲው አልተማከረ! ጥፋቱ የፎቶሾፕ አይደለም፤ እርሱ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳዘዙት የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። የምንወቅሰው ለኪስ ገንዘብ ሽፋን የምንሠራውን፣ እኛኑ ተማሪዎችን ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ሰው የሰብለ ወንጌልን መልክ ከየት ያመጣዋል? ጓደኛን አስፈቅዶ በአገር ልብስ ፎቶ ማንሣትስ ምን ያህል ያስወጣል?

ደግሞ በስክሪን የሚንቦገቦገው ቀይ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲታተም ይደበዝዛል፤ በኢንች 300 ነጥብ የማትሞላ ትንሽ ሥዕልም ስትለጠጥ ትፈዛለች። ማተሚያ ቤቱን ከመርገም በፊት አንድ ናሙና አሳትሞ ማየት ምን ይከብዳል?